አበደርኩሽ እንጂ አልሰጠሁሽም

የመጨረሻዋ ልጃችን አካውንቲንጉን ትታ ሥነ ጥበብ ልትማር እንደሆነ የነገረችን እሑድ ምሳ ላይ ነው። እናቷ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ ግን ሁልጊዜም አፌ ይቀድማል። «ሥነ ጥበብ ስትዪ ምኑን?» አልኳት። «የህትመት ጥበብ» አለች።

እንግዲህ እኔ 41 ዓመት ማተሚያ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። በደርግ ዘመን በፊደል ለቃሚነት ገብቼ በማሽን ኃላፊነት ነው ጡረታ የወጣሁት። ልጄ ህትመት ልማር ስትለኝ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ዳሩ ግን ነገሩን ሳስዘረዝራት እንጨት ፈልፍላ፣ ቀለም ቀብታ፣ ወረቀት አልብሳ፣ በእጇ እያሸች አንድ በአንድ እንደምታትም ነገረችኝ። እኔ የማውቀው ማሽን በሰዓት ሺህ በሺህ ይተፋል። «ማኅተም ለመምታት ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም» አልኩና እጄን ልታጠብ ተነሣሁ።

መልስ አልሰጠችኝም። ከዚያ በኋላ ወደ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ገባች፣ ተማረች፣ ዓመታት አለፉ፤ ያቺን ቃል ግን አንዳችንም አላነሣናትም። ወላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው እየዞረ የሚያልፋት አንዲት ዕቃ ትኖራለች። የእኛ ቤት ዕቃ እሷ ነበረች።

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ጥቅምት ልጄ የመመረቂያ ሥራዋን ርዕስ ይዛ መጣች። «አባባ፣ ስለ መንዝ ልሠራ ነው» አለችኝ። የተወለድኩት መንዝ፣ ጌራ ምድር፣ ከመሀል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ነው። እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። አያቷ ዘንድ የሄደችው ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ እሱም ለልቅሶና ለሰርግ። ሊኖ በሚሉት እንደ ጎማ ያለ ንጣፍ ላይ ፈልፍላ ያተመችውን የመጀመሪያ ሥራዋን አሳየችኝ። ጭላዳ ነው። ፀጉሩ አንድ በአንድ ተለቅሟል፤ ዓይኑ ያበራል። እኔ እንኳ አደነቅኩ። «ለእምዬ ወስደን እናሳያት» አለችኝ።

የመንገዱን ወሬ ስንጠይቅ ሰንብተን አንድ ቀን ንጋት ላይ ተነሣን። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጣርማ በርን ይዞ ወደ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሀል ሜዳ። ያን መንገድ በልጅነቴ በጭነት መኪና ላይ፣ ከበግ ጋር ተቃቅፌ የወረድኩት ነው። ልጄ በመስኮት እያየች «ዛፍ የለም እንዴ?» አለችኝ። «ብርዱ አያበቅለውም፤ ያለውንም አንድደነው ጨርሰናል» አልኳት።

እናቴ ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፏል። አንድ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ በሌላው ታያለች። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችውና ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ዛፍ ላይ ማን ሰቀለው?»

ልጄ ጭላዳውን ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጣው ነበር። ፎቶውን ከስልኳ ወስዳ፣ ከበስተኋላው ባዶ ሲሆንባት ዛፍ ጨምራበታለች። ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ቢቀመጥ ምን ይገርማል ብላ ነው። እናቴ ግን ሳቋ መጣ። «ልጄ፣ ጭላዳ ዛፍ ምን ያደርግለታል? እሱ እንደኛ ነው። ገደል ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ቁጭ ብሎ ሣሩን ይለቅማል። ምስር እንደምትለቅም ሴት ነው፤ በሁለት እጁ፣ ከተቀመጠበት እየተንፏቀቀ። ይህ ያንቺ የተጣደፈ ነው፤ ጭላዳ አይጣደፍም።»

ልጄ ጆሮዋ ቀላ። በኋላ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ለአያቷ አንድ ታሪክ ነገረቻት። በ1515 እ.ኤ.አ. ከህንድ አንድ አውራሪስ በመርከብ ተጭኖ ፖርቱጋል፣ ሊዝበን ደረሰ። አልብሬክት ዱረር የሚባል የጀርመን ሠዓሊ አውሬውን በዓይኑ ሳያየው፣ ከሌላ ሰው ንድፍና ከደብዳቤ ብቻ ተነሥቶ በእንጨት ቅርጽ አተመው። ቆዳውን እንደ ጦረኛ የብረት ልብስ አደረገው፤ ጀርባው ላይ የሌለ ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። ሥዕሉ ግን እጅግ ያማረ ስለነበር አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን አውራሪስ ማለት ያ ነው ብለው አመኑ፤ መጻሕፍት ላይ ሲገለብጡት ኖሩ። እናቴ አዳምጣ አዳምጣ፣ «ታዲያ ሰውየው በኋላ ሄዶ አየው?» ብላ ጠየቀች። «አላየውም፤ አውሬው ብዙም ሳይቆይ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ» አለቻት። «አንቺስ ይኸው እዚሁ አለልሽ፤ ነገ ሂጂ» አለች እናቴ።

ሄድን። ጓሳ ከመሀል ሜዳ አለፍ ብሎ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጥቅምት ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ስንራመድ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ጅብራው በየቦታው ቆሟል፤ ከሩቅ ሲታይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ይመስላል። ፀሐይ ገደሉን ስትነካው ጭላዳዎቹ ብቅ ብቅ አሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ወንዶቹ ከትከሻቸው የሚወርደው ፀጉር ልክ የአባቴን በርኖስ ነው። ወጡ፣ ተቀመጡ፣ መልቀም ጀመሩ። እናቴ እንዳለችው ነው፤ አይጣደፉም። ሲጨዋወቱም ይሰማል፤ የሴቶች ማኅበር ከሩቅ እንደሚሰማው ዓይነት።

ከዚያ መሀል አንድ ቀይ ቀበሮ ገባ። ልጄ እጄን ጨመቀችኝ፤ ግልገሎቹን ሊበላ ነው ብላ። አልበላም። ጭላዳዎቹም አልሸሹም። ቀበሮው በመሀላቸው ቀስ እያለ አይጥ ያድናል፤ እነሱ ሣር ይለቅማሉ። በኋላ እንዳነበብኩት ተመራማሪዎችም ጓሳ ላይ ይህንኑ መዝግበዋል፤ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ብቻውን ከሚያድነው ይልቅ ይሳካለታል። ለእናቴ ስነግራት አዲስ ነገር አልሆነባትም። «አይነካኩም እኮ፤ ጎረቤት ናቸው» አለች።

ለልጄ ያልነገርኳት፣ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሜ የነገርኳት ነገር አለ። ጓሳ ዛሬ የቀረው በአጋጣሚ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የዛሬ ልጆች ስሙን ሲሰሙ ሌላ ነገር ትዝ ይላቸዋል፤ የእኛው ቄሮ ግን የሣር ጠባቂ ሥርዓት ነው። ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነሣም። ጊዜው ሲደርስ በአዋጅ ይከፈትና ሁሉም እንደ ድርሻው ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሰዉ ግን እንደገና ተሰባስቦ በሌላ መልክ አቆመው፤ ዛሬም የማኅበረሰቡ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የቤታችን ክዳን ከዚያ ሣር ነበር። ገመዱ፣ ለዝናብ የምንለብሰው ጌሳ፣ ለቡሄ የምናጮኸው ጅራፍም እንዲሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ለልጆቼ አንድም ቀን አላወራሁም። ጠይቀውኝ አያውቁም ልል ነበር፤ ነገር ግን ማታ ማታ ደክሞኝ ስገባ ማን ደፍሮ ይጠይቀኝ ነበር?

ልጄ አሥር ቀን አያቷ ጋ ከርማ ተመለሰች። ሙሉ ደብተር ንድፍ ይዛ መጣች። ጭላዳ አለ፣ ጅብራ አለ፣ ቀበሮ አለ። ከሁሉ የሚበዛው ግን እናቴ ናት። እናቴ ሱፍ ስትነድፍ፣ እናቴ ስትፈትል፣ የእናቴ እጅ ብቻውን፣ እንዝርቱ ብቻውን።

እኔም ጡረተኛ ነኝና ጊዜ አለኝ፤ ከመጻሕፍቷ እየወሰድኩ ማንበብ ጀመርኩ። የአንኮበሩን ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌን ያላወቀ የሸዋ ሰው የለም፤ የህትመት ሠዓሊዎቹን ግን አላውቃቸውም ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. ሲከፈት ሥዕልና ቅርጽ ብቻ እንደነበረ ነበር የሚመስለኝ። ለካ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሃንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ መጥቶ የእንጨት ቅርጽ ህትመትን ለተማሪዎች አስተምሯል። የሃምቡርግ ልጅ ነው፤ ብራዚል ሄዶ ባሂያ የሚባለውን አገር ስለወደደ ስሙ ላይ ጨመረው። የሰው አገር ወድዶ ስሙ ያደረገ ሰው የእኛን ልጆች ምን እንዳስተማራቸው መገመት ይቻላል። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዘሪሁን ከእንጨት ቅርጽ ተነሥቶ የሸማኔ ዕቃ ከሚሠራበት ቀርከሃ ቀጫጭን ዘንጎችን ጎን ለጎን እየገጠመ በላያቸው መሣል ጀመረ። ልጄ ያንን ስታሳየኝ ስለ ባና አሰብኩ። የመንዝ ባና እንዲሁ ነው፤ ጠባብ ጠባብ ተሸምኖ ጎን ለጎን ይሰፋል። ከዘመኑ ሰዎች ደግሞ ኤፍሬም ሰሎሞን አለ፤ እንጨት እየፈለፈለ ወንበርና ነጠላ ጫማ የመሳሰለውን የቤታችንን ተራ ዕቃ ያሳየናል። እኔ እነዚህን ሰዎች ሳላውቅ ነው «ማኅተም» ያልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ራሴው ደረስኩበት። የገዳም ብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ሽፋኑን ያስታውሳል። ቆዳው ላይ ያለው መስቀልና ሐረግ የተሣለ አይደለም፤ ደጓሹ ብረቱን እያጋለ፣ እየተጫነ ያተመው ነው። ድጉስ ይባላል። ቀለም የለውም፤ ዓይን ብቻ ሳይሆን ጣትም ያነበዋል። ስለዚህ ቀርጾ መጫን፣ ተጭኖ ምልክት ማስቀረት ከሃምቡርግ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም። ይህን ለልጄ ስነግራት «አባባ፣ መምህሬ መሆን ነበረብህ» አለችኝ። ቀልዷን ነው፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ከጥምቀት በኋላ ተመልሰን ሄድን። አሁን ልትሠራ ነው። ከአዲስ አበባ የተገዛ የተጨመቀ ጣውላ ይዛ ነበር። እናቴ ነካ አድርጋ «ይህ ካርቶን ነው» አለችና ከጓዳ አንድ ሳንቃ ጎትታ አወጣች። የድሮው ቤታችን በር ነው። የጽድ እንጨት ነው፤ አባቴ ከቆላ በአህያ አስጭኖ ያመጣው። ቤቱ ቆርቆሮ ሲለብስ በሩም የብረት ሆነና ሳንቃው ጓዳ ገባ። የውስጥ ፊቱ በጢስ ጠቁሯል፤ የውጭ ፊቱ በበረዶና በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። እኔ በልጅነቴ በዚያ በር ስንት ጊዜ እንደተገረፍኩ፣ ስንት ጊዜ ከኋላው እንደተደበቅኩ አልቆጥረውም። ልጄ በደስታ ልትስማት ስትል እናቴ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመቻት፤ «አበደርኩሽ እንጂ አልሰጠሁሽም» አለች።

ልጄ ጢስ የጠጣውን ፊት መረጠች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ነገሩ ገባኝ። በእንጨት ቅርጽ ህትመት የምትፈለፍለው ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ነው፤ ሳይነካ የተረፈው ቀለም ይዞ ጥቁር ሆኖ ይታተማል። የጠቆረ እንጨት ላይ ስትፈለፍል ብርሃኑ ገና ስትቆርጠው ይታያል። የጽድ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እናቴ «ዕጣን አጨሳችሁ» እያለች ትቀልዳለች። ምስሉ እናቴ ራሷ ናት፤ በቀኝ እጇ እንዝርት እያሾረች፣ በግራዋ ሱፉን ስባ፣ ከኋላዋ ጓሳ፣ ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው ሲለቅሙ፣ ቀበሮው በመሀላቸው። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። እናቴ «ቀለም የለሽም?» ስትላት ልጄ ባናውን አሳየቻት። የመንዝ ባና ቀለም አይነከርም፤ የበጉ ጥቁርና ቡናማ፣ የበጉ ነጭ ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ቀለም አላለችም።

ከሥር «መንዝ» የሚል ቃል ልትጽፍ ፈለገች። ወረቀት ላይ ቀና ሆኖ እንዲወጣ እንጨቱ ላይ መገልበጥ አለበት። ልጄ በመስተዋት እያየች፣ እየሰረዘች ስትታገል እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ቡና እጠጣለሁ። አላስቻለኝም። እርሳሱን ተቀበልኳትና በአንድ ትንፋሽ «መንዝ» ብዬ ገልብጬ ጻፍኩት። ያልገባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእርሳስ ፊደል ስንለቅም ፊደሉ ሁሉ የተገለበጠ ነው፤ መስመሩን ስንደረድር፣ ስህተት ስንፈልግ ተገልብጦ ነው የምናነበው። ስንት ሺህ ገጽ እንዲያ አንብቤአለሁ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ያ ሙያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከንቱ ሆነ፤ ፊደሉም ቀልጦ ተሸጠ። ለማንም ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ልጄ ፊደሉን አየች፣ እኔን አየች። «አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንግዲህ ማኅተም መምታት አስተምረኝ።»

አራት ዓመት ሙሉ ይዛት ኖራለች። ያለችው በፈገግታ ነው። እኔ ፈገግ አልኩ ወይስ ሌላ ነገር ሆንኩ አላውቅም፤ እናቴ ብቻ «ጢሱ ነው፤ በሩን ክፈቱለት» አለች።

ቀለሙን የያዝኩት ከድሮ መሥሪያ ቤቴ ነበር፤ ጓደኞቼ የሰጡኝ አንድ ጣሳ ጥቁር የማሽን ቀለም። ብርዱ አጠንክሮት ስለነበር ምድጃ አጠገብ አለሰለስነው። ትንሽ ዘይት ጠብ አደረግኩበት። በሮለር እየዳመጥን ስንቀባው ድምፁን አዳመጥኩ። ቀለም በልኩ ሲሆን ቅቤ ምጣድ ላይ ሲንሾሾ ዓይነት ድምፅ አለው፤ ሲበዛ ይጮኻል። ወረቀቱን አለበስን፤ ልጄ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ከመሀል ወደ ዳር አሸችው። ጫፉን ይዤ ቀስ ብዬ ስገልጠው ልቤ እንደ ተለማማጅ ልጅ መታ። ወጣ። ጭላዳው ተቀምጧል፤ «መንዝ» ቀና ብሎ ተጽፏል፤ የጽዱ ጉጥ እንኳ ሳናስበው ጓሳ ላይ የወጣች ፀሐይ ሆኗል።

እናቴ ወረቀቱን ይዛ በር ላይ ቆመች። ዝም አለች። ከዚያ፤

«ግራኝ አደረግሽኝ!»

እንዝርቱ በግራ እጇ ነው። ፊደሉን ገልብጠን ሰውየዋን ሳንገለብጥ ቀርተናል። ልጄ አያቷን እንዳየቻት ቀረጸቻት፤ ወረቀቱ ደግሞ እንደ መስተዋት መለሳት። 41 ዓመት ተገላቢጦሽ ያነበብኩ ሰው አጠገቧ ተቀምጬ ይህን አላየሁም። ፊደል እንጂ ሰው ማየት አለመድኩማ።

«እምዬ፣ በህትመት ያለ ነው፤ ብዙ ሠዓሊዎች እንዲሁ ይተዉታል» ብላ ልታባብላት ሞከረች። እናቴ አልሰማቻትም። «በግራ እጄ ፈትዬ አላውቅም። የማያውቀኝ ሰው ሲያየው ምን ይላል? ባናዋ ጠማማ ነው ይላል።» ከዚያ ሳንቃው ወዳለበት ሄደች። ቀለሙ እንዳይነካት ስንጮህ ጊዜ አልሰጠችንም፤ በጣቶቿ ዳሰሰችው። ፊቷን፣ ሱፉን፣ እንዝርቱን ያገኘችው በጣቷ ነው። ፊቷ ተለወጠ። «ይኸውና! እዚህ እኮ ደህና ነኝ። ወረቀቱን ውሰጂ፤ እንጨቱን ተዪልኝ።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «መንዝ» ቢገለበጥ እሷን ምን ይጎዳታል? ለእሷ ትክክሉ እንጨቱ ነው፤ ለእኛ ለአንባቢዎቹ ትክክሉ ወረቀቱ። ሁለታችንም ከተቀባ እጇ ጋር ቆመን ተያየን።

ልጄ እንዲያ አድርጋ ልታቀርበው ትችል ነበር። የሚያውቅባት የለም። ለሁለት ቀን አልተናገረችም። በሦስተኛው ጠዋት ሳንቃውን አዙራ የውጭውን ፊት፣ በበረዶና በፀሐይ የተሰነጣጠቀውን፣ በእጇ ስትዳስስ አገኘኋት። «እምዬ፣ እስከ ሰኔ አበድሪኝ» አለቻት። እናቴ አሰበችና «በሬ እንደሄደ ይመለስ» አለች።

አዲስ አበባ ላይ ንድፉን ስስ ወረቀት ላይ ገልብጣ እንደገና ቀረጸች። ያኛው ፊት ለመፈልፈል አስቸጋሪ ነበር፤ መሮው ስንጥቁን እየተከተለ ይሄድባታል። ሁለት ጊዜ ጣቷን ቆረጠች። ስንጥቁን ትታ ለመሥራት ከመታገል ስንጥቁን የጓሳ ሣር አደረገችው፤ ሣሩም ከበፊቱ የበለጠ ሣር ሆነ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ለእኔ ግን ጣቷ ነበር የሚታየኝ። በመጨረሻ 12 ቅጂ አተምን። እኔ ቀለም እቀባለሁ፤ እሷ ታሻለች። ከሥሩ በእርሳስ አንድ ከአሥራ ሁለት፣ ሁለት ከአሥራ ሁለት እያለች ቆጠረቻቸው።

በሰኔው ትርዒት ላይ ሰው ከፊቱ ሲቆም ከኋላ ሆኜ አዳመጥኩ። አንዱ ወጣት ለጓደኛው «ቀበሮና ዝንጀሮ አብረው? ምናብ ነው» አለው። ልናገረው አፌ ቀደመኝ፤ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ተውኩት።

አንድ ጉዳይ ቀርቶ ነበር። በህትመት ሠዓሊዎች ዘንድ የተቆጠሩት ቅጂዎች ካለቁ በኋላ ሌላ እንዳይታተም እንጨቱን በመሮ መሰረዝ የተለመደ ነው። ለገዢው የሚሰጥ ቃል ነው፤ እኔም እንደ ማተሚያ ቤት ሰው ተገቢነቱ ይገባኛል። ልጄ መሮውን ይዛ ሳንቃው ፊት ቆመች፤ እኔን አየችኝ። «የሰው በር ነው» አልኳት። መሮውን አስቀመጠች። 12 ብላ ጽፋለች፤ 12 ሆኖ ይቀራል። ቃሏን የሚጠብቀው እንጨቱ ሳይሆን እሷ ናት።

ነሐሴ ላይ፣ ለቡሄ፣ ሳንቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን መለስን። ልጆች ደጅ ላይ ጅራፋቸውን ያጮኻሉ። እናቴ በሁለቱም ፊት ዳሰሰችው። በአንዱ ፊት እንጨቱ ላይ ቀኝ እጇ ነው የሚፈትለው፤ በሌላው ፊት ግራዋ ነው፤ ያኛው ግን ወረቀት ላይ ቀኝ ሆኖ የወጣው ነው። ልጄ ይህን ልታስረዳት ጀመረች፤ እናቴ እጇን አወዛወዘች። ወንድሜ ሚስማር አመጣ። ሳንቃው ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ የሰኔው ፊት ወደ ግድግዳው፣ የጥሩ ወሩ ወደ እኛ። ቀለሙ ሳይለቅ የቀረበት ቦታ ላይ ጢሱ ከወዲሁ መቀመጥ ጀምሯል።

ስንወጣ እናቴ በብረቱ በር ላይ ቆማ ሸኘችን። ልጄን ጠርታ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አለቻት። መኪና ውስጥ ስጠይቃት ለረጅም ጊዜ ሳቀች። «በሚቀጥለው ስትመጪ የአባትሽን እጅ ቅረጪ፤ እሱ ግራና ቀኙን አያውቀውም፣ አይቆጣሽም» ነው ያለቻት።